ራይስ ኩከር፦ አመራረጡ፣ አጠቃቀሙ፣ ያደረው ሩዝስ?

ኩዌት በገባሁ በአራተኛው ቀን ራይስ ኩከሩን እንደማንኛውም ድስት ቧንቧ ስር አድርጌ በሳሙና አጠብኩት። የውስጡን ድስት ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ያለበትን ዋናውን ዕቃ ጭምር። አገር ቤት ሩዝ የማውቀው በከሰል ላይ በብረት ድስት ሲበስል ነው፣ ይህን ደግሞ ማንም አላሳየኝም። ማታ ስሰካው ጧ! አለና የቤቱ መብራት በሙሉ ጠፋ። መዳም መጥታ ያየችው ከዕቃው ስር የሚንጠባጠበውን ውሃ ነው። «ከደመወዝሽ ይቆረጣል» አለች፤ ተቆረጠም። ያን ጊዜ ያዘንኩት በገንዘቡ ነበር። በእርጥብ እጄ ብረቱን ይዤው ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስብኝ እንደሚችል የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ራይስ ኩከር ቀላል ዕቃ ነው። ሩዙ መቼ እንደበሰለ ራሱ ያውቃል፣ ራሱ ይጠፋል። የማያውቃቸው ነገሮች ግን አሉ፦ ታቹ እርጥብ መሆኑን አያውቅም፣ ሩዙ ስንት ሰዓት እንደቆየ አያውቅም፣ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍልም አያውቅም። እነሱን ማወቅ የኛ ፋንታ ነው።

መብሰሉን በምን ያውቃል?

ይህን ከተረዳሽ የቀረው ሁሉ ይቀልልሻል። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ሩዙ ውሃውን መጥጦ ሲጨርስ ግን የድስቱ ታች ከ100 በላይ መጋል ይጀምራል። ድስቱን አውጥተሽ ወደ ውስጥ ብታይ መሃል ላይ በሞላ የቆመች ክብ ብረት ታገኛለሽ፤ በጣት ስትጫኛት ወደ ታች ትሄዳለች። በተራው ዓይነት ማብሰያ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። ውስጧ ማግኔት አለ። ሙቀቱ ከ100 ትንሽ ከፍ ሲል ማግኔቱ የያዘውን ይለቃል፣ ማብሪያውም «ቀጭ» ብሎ ወደ ማሞቂያው ይዞራል።

ስለዚህ በዚያች ክብ ብረት ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ ብትቀመጥ ድስቱ በደንብ አይገጥምም፤ ሩዙ ወይ ጥሬ ይቀራል ወይ ያርራል። ድስቱ ወድቆ ታቹ ከተጣመመም እንደዚያው ነው። የድስቱ ውጪ እርጥብ ሆኖ ከገባ ይንጫጫል፣ ውሃው እየወረደ ወደ ኤሌክትሪኩ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ድስቱን ከማስገባትሽ በፊት ታቹንና ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ ክብ ብረቷንም እዪ። ማብሪያው አንዴ ከወረደ በኋላ «ትንሽ ይጨምርለት» ብለሽ በግድ ደግመሽ አትጫኚው፤ ውሃ የለውምና የሚያርረው ያኔ ነው። ጥሬ ከመሰለሽ ግማሽ ስኒ የፈላ ውሃ ጨምሪና አብሪው።

ይህ ዕቃ ለገበያ የወጣው በጃፓን በ1955 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሸጠው ቶሺባ ነው። ዮሺታዳ ሚናሚ የሚባል ሰው ሲሠራው፣ ቀን ከሌት ሩዝ እያበሰለች የሞከረችው ሚስቱ ፉሚኮ ነበረች። የወንዱን ስም የሚያነሳ ብዙ ነው። እኛ የሷንም እናንሳ።

ለራስሽ ስትገዢ

በአሠሪ ቤት ያለውን ዕቃ አንመርጥም፤ ያገኘነውን ነው የምንጠቀመው። ውጪ እየኖርሽ የምትሠሪ ከሆነ፣ ወይም ለእረፍት ቀን ከጓደኞችሽ ጋር የተከራያችሁት ክፍል ካለ ግን ራይስ ኩከር ብዙ ጊዜ ብቸኛው ምድጃ ነው። ጋዝ በማይፈቀድበት ክፍል ሩዝ፣ ምስር፣ ሾርባ፣ የተቀቀለ እንቁላል ሁሉ ከሱ ይወጣል።

መጠኑ ላይ አትታለዪ። ካርቶኑ ላይ 1.8 ሊትር የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 10 ስኒ ጥሬ ሩዝ የሚይዝ ነው፤ ለትልቅ ቤተሰብ ማለት ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው 0.6 ሊትሩ ይበቃል። በትልቁ ድስት አንድ ስኒ ብቻ ብታበስዪ ስስ ሆኖ ታቹ ያርራል። ቁልፉ ብዙ፣ ስክሪን ያለው፣ ኬክ ሁሉ እጋግራለሁ የሚለው ዓይነት አያስፈልግሽም፤ አንድ ማብሪያ ያለው ተራው ይበቃል፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ይገኛል። ከዋጋው ይልቅ ሦስት ነገር እዪ፦ ድስቱ ከበድ ያለና ታቹ ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ገመዱ ወፍራምና ያልተላጠ መሆኑን፣ ሶኬቱ የአገሩን ግድግዳ የሚገጥም መሆኑን። ያገለገለ ስትገዢ ሻጩ እዚያው ሰክቶ ውሃ አፍልቶ ያሳይሽ። የውስጡ ጥቁር ሽፋን ተላጦ ከሆነ ተዪው፤ ሩዙ ይይዛል፣ ስትፈገፍጊም ልጣጩ ምግብ ውስጥ ይገባል። አዲሱንም ቢሆን በብረት ማንኪያ አትንኪው፤ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ጭልፋ ወይም የእንጨት ማማሰያ ተጠቀሚ።

ኤሌክትሪኩ

በኤምሬትስ፣ በኩዌት፣ በኳታር፣ በባህሬንና በኦማን ግድግዳው ላይ ያለው ሶስት ቀዳዳ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ሶኬት ነው፤ በሳዑዲም እየተለመደ ያለው እሱ ነው። ሁለት ጥርስ ያለውን ገመድ ለማስገባት የላይኛውን ቀዳዳ በእስክሪቢቶ ወይም በእንጨት ከፍተው የሚሰኩ ብዙ ናቸው። እኔም አድርጌዋለሁ። አታድርጊው፤ የላይኛው ቀዳዳ የምድር ሽቦው ነው፣ ብረቱ ኤሌክትሪክ ከያዘ አንቺን እንዳይመታ የሚያድን እሱ ነው። አዳፕተር ከባቅላ ሱቅ ይገኛል፣ ርካሽ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሶኬት የሚችለው 13 አምፔር ነው፤ ወደ 3000 ዋት ማለት ነው። ራይስ ኩከር ብቻውን እንደ መጠኑ ከ300 እስከ 1000 ዋት ይወስዳል፣ የውሃ ማፍያው ደግሞ 2000 እና ከዚያ በላይ። ሁለቱን ባንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክተሽ ካውያ ከጨመርሽ ማከፋፈያው ይቀልጣል፤ እሳት የሚነሳውም እንዲህ ነው። ራይስ ኩከር በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ ይራቅ፣ መሬት ላይ ካለ ደግሞ ከሕፃናት ይራቅ። ሰክተሽው አትተኚ።

ሊባኖስ ያላችሁ ጉዳያችሁ ሌላ ነው። የመንግሥት መብራት በቀን ትንሽ ሰዓት ነው የሚመጣው፣ የቀረው የጀነሬተር ኢሽቲራክ ነው። 5 አምፔር ኢሽቲራክ ማለት ወደ 1100 ዋት ነው፤ ፍሪጁ እየሠራ 700 ዋት ራይስ ኩከር ስታበሪ ሊወርድ ይችላል። መብራት በመንገድ ላይ ከጠፋ ክዳኑን አትክፈቺ። ቶሎ ከመጣ ይቀጥላል፤ አንዳንዱ ማሽን ግን ከዜሮ ስለሚጀምር መብራት ሲመለስ ማብሪያውን እዪ። ግማሽ በስሎ ለሰዓታት ከተቀመጠ ግን ያ ሩዝ ይጣል።

ልኩ

ከዕቃው ጋር የሚመጣው ስኒ 180 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከተለመደው ብርጭቆ ያንሳል። በድስቱ ውስጥ ያሉት መስመሮች የተሠሩት ለዚያ ስኒ ነው። ስኒው ከጠፋ በየትኛውም ኩባያ ልትለኪ ትችያለሽ፣ ግን ሩዙንም ውሃውንም በዚያው ባንዱ ለኪ። ሩዙን ውሃው ጠራ እስኪል ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቢ። ባህረ ሰላጤ ውስጥ ቤት የሚገባው በአብዛኛው ባስማቲ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊውና ለ1 ስኒ ሩዝ ከ1 ስኒ ከሩብ እስከ 1 ስኒ ተኩል ውሃ አድርጊ። ሊባኖስና ጆርዳን የሚወደደው አጭሩ የግብፅ ሩዝ ትንሽ ያነሰ ይበቃዋል። መስፈሪያ በሌለበት የድሮው ዘዴ ይሠራል፦ የጣትሽን ጫፍ ሩዙ ላይ አስነኪ፣ ውሃው እስከ መጀመሪያው አንጓ ይድረስ። ማብሪያው ሲወርድ ክዳኑን ሳትከፍቺ 10 ደቂቃ ተዪው። ላዩ እርጥብ፣ ታቹ ደረቅ የሚሆነው እየቸኮልን ስንከፍተው ነው።

ቋንቋው እንዳያሳስትሽ፤ ኩዌትና ባህሬን ውስጥ «ዐይሽ» ሲሉሽ ሩዝ ማለታቸው ነው። ግብፃውያን ዘንድ ደግሞ ያው ቃል ዳቦ ነው። ኢራቃውያን «ተምን» ይሉታል።

ለጾም የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በትንሽ ዘይት እዚያው ድስቱ ውስጥ አቁላልተሽ፣ ምስርና ሩዝ እኩል አድርገሽ በውሃ ብትከድኚው አንድ ላይ ይበስላል። ምስር ስለሚገነፍል ግን ድስቱን ከግማሽ በላይ አትሙዪ፤ አረፋው የእንፋሎቱን ቀዳዳ ይዘጋዋል።

ያደረ ሩዝ

የማረፍደው እዚህ ላይ ነው። ብዙ እህቶች የሚሉት ነገር አለ፦ «ምሳ ላይ የተሠራው ሩዝ ማታ ለኔ ይሰጠኛል፣ ሲያድርም ጠዋት እሱን ነው የምበላው፣ ሆዴን ያመኛል።» ሰበብ ፈላጊ ተብለው ይሰደባሉ። ሰበብ አይደለም።

ጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ጠንካራ ሽፋን ስላለው ሩዙ ሲፈላም አይሞትም። ሩዙ ሞቅ ብሎ ወይም በክፍሉ ሙቀት ሲቀመጥ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያወጣል። ማስታወክ የሚያመጣው መርዝ ደግሞ ዳግመኛ ብታሞቂውም አይጠፋም። «በደንብ አሙቀሽ ብዪው» የሚለው ምክር ለዚህ ነው የማይሠራው። ከበላሽ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይጀምራል፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ ከ6 ሰዓታት በኋላ በቁርጠትና በተቅማጥ ይመጣል። ሩዙ ሽታውም ጣዕሙም ላይቀየር ስለሚችል በማሽተት አታውቂውም።

አደገኛው ሙቀት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ነው። የራይስ ኩከሩ ማሞቂያ በትክክል ከሠራ ሩዙን ከ60 በላይ ይይዘዋል፤ ያ ችግር የለውም፣ ሆኖም ብዙ አምራቾች ከ12 ሰዓታት በላይ እንዳይቆይ ይመክራሉ። ቴርሞሜትር የለንም፣ በምን እናውቃለን? ክዳኑን ስትከፍቺ እንፋሎት መውጣት አለበት፣ ሩዙም በእጅ የማይያዝ ትኩስ መሆን አለበት። ለብ ካለ ማሞቂያው አልሠራም ማለት ነው። ነቅለሽው ከሆነ ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ቁጠሪ፦ ቢበዛ 2 ሰዓት፣ ኩሽናው በበጋ ከ32 ዲግሪ በላይ የሚግል ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ። በረመዳን ለኢፍጣር ቀደም ተብሎ ተሠርቶ ጠረጴዛ ላይ የሚውለውም በዚሁ ይቆጠራል። ማታ ዘፍዝፈሽ በሰዓት ቁልፍ ጠዋት እንዲበስል መተውም በሙቀት ወቅት ጥሩ አይደለም።

ለነገ የሚተርፍ ከሆነ በትሪ ላይ ስስ አድርገሽ ዘርጊው፣ እንፋሎቱ ይውጣለት፣ ከዚያ በትንንሽ ዕቃ ከፍለሽ በ1 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢ። ድስቱን እንደሞላ ብታስገቢው መሃሉ ለብዙ ሰዓት ሞቆ ይቆያል። በማግስቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንፋሎት እስኪወጣው አሙቂና ብዪ። ከዚያ የተረፈው ይጣላል። መጣል ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ እኛ ያደግነው ምግብ ሲወድቅ አንስተን እየሳምን ነው። ስለዚህ መፍትሔው ከመጀመሪያው አሳንሶ ማብሰል ነው።

ከታመምሽ ዋናው ነገር የጠፋውን ፈሳሽ መተካት ነው። ከፋርማሲ ኦ.አር.ኤስ. ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ፣ በየጥቂቱ ጠጪ። ውሃም የማይረጋልሽ ከሆነ፣ ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ ሐኪም ያስፈልግሻል፤ «ነገ ይሻላታል» አይባልም።

ምግብ ደግሞ ውለታ አይደለም። የኩዌት የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68፣ የኳታር የ2017 ሕግ ቁጥር 15፣ የኤምሬትስ የ2022 ሕግ፣ ሦስቱም ምግብ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ ያደርጋሉ። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ከሥራ ሕጉ ውጪ ብትሆንም፣ በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል አሠሪው ምግብ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ያደረ ሩዝ ብቻ እየተሰጠሽ ከታመምሽ ቀኑን ጻፊ፣ ምግቡን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። መዳምን በቀላሉ ለማስረዳት «ሩዝ ባይት» በያት፤ ያደረ ሩዝ ማለት ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ልጆቻቸውን ከዚያ ሩዝ አይሰጧቸውም፣ ስለዚህ ነገሩ ይገባቸዋል። ልጆቹም ሊታመሙ እንደሚችሉ ብትነግሪያት ደግሞ ቶሎ ይገባታል፤ ውሸትም አይደለም።

እንፋሎትና ቃጠሎ

ክዳኑን ስትከፍቺ ፊትሽን አርቂ፣ ክዳኑን ወደ ራስሽ ሳይሆን ወደ ወዲያ ክፈቺው። ከእንፋሎቱ ቀዳዳ በላይ እጅሽን አታሳልፊ። ከተቃጠልሽ ቀለበትና አምባር ካለ ቶሎ አውልቂ፣ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሺበት። እዚህ ላይ የባህረ ሰላጤው አንድ ጉድ አለ፦ በበጋ ታንከሩ ጣሪያ ላይ ስለሆነ የ«ቀዝቃዛው» ቧንቧ ውሃ ራሱ የሚያቃጥል ነው። መጀመሪያ በደህና እጅሽ ፈትሺው፤ ትኩስ ከሆነ የመጠጥ ውሃ ተጠቀሚ። በረዶ አታድርጊ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ ቡናም አይደረግበትም። ያበጠውን አታፍርጪ። ቃጠሎው ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ፣ ወይም ከመዳፍሽ የሚሰፋ ከሆነ ወደ ሕክምና ነው። አምቡላንስ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬትስ 998፣ በኩዌት 112፣ በኳታርና በባህሬን 999፣ በጆርዳን 911፣ በሊባኖስ ቀይ መስቀል 140 ነው።

ሲበላሽ

አዲስ ቤት ስትገቢ በመጀመሪያው ሳምንት የኩሽናውን ዕቃዎች ፎቶ አንሺ፤ በተለይ የተላጠ ገመድ፣ የተሰነጠቀ ሶኬት፣ የተፋቀ ድስት ካለ። ፎቶው ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። ዕቃው መንዘር ከጀመረ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ወይም ማብሪያው አልይዝ ካለ አትጠቀሚው። «ኻርባን» ብለሽ ለመዳም አሳያት፣ ብትችዪ በዋትሳፕ ላኪላት። ስልክ የማይፈቀድልሽ ከሆነ ሌላ የቤቱ ሰው ባለበት ተናገሪ። ሰምታ «ተጠቀሚበት» ካለችሽ የነገርሻት መሆኑ ራሱ ነገ ይጠቅምሻል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ የተበላሸው ሆን ተብሎ ወይም በግልጽ ቸልተኝነት ነው፣ ወይስ ዕቃው አርጅቶ? በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚበራ ማብሰያ ማርጀቱ አይቀርም፤ ያረጀ ዕቃ ዕዳ አይደለም። እቆርጣለሁ ከተባልሽ ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። ከሁሉ በላይ፣ የጎደለ ደመወዝ ተቀብለሽ ሙሉ ተቀብያለሁ በሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ማንበብ የማትችዪው የዓረብኛ ወረቀት ከሆነ መጀመሪያ ፎቶ አንስተሽ ለሚያነብልሽ ላኪ። እኔ ያን ጊዜ ፈርሜ ነበር፤ ምን ላይ እንደፈረምኩ ያወቅሁት ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ለመውጣት ሒሳብ ስንተሳሰብ ነው።

ወደ አገር ቤት ስትወስጂው

ሻንጣ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት ከታቹ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ። 220–240 ቮልት የሚል ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል፤ አዳፕተር ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። ከሳዑዲ የተገዛ አሮጌ ዕቃ 110 ወይም 127 ብቻ የሚል ከሆነ ተዪው፣ እንደሰካሽው ይቃጠላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ስለሚበልጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ያው ዕቃ፣ ያው ሩዝ ሆኖ ጠንከር ብሎ ሊወጣ ይችላል። ለ1 ስኒ ሩዝ ሩብ ስኒ ያህል ውሃ ጨምሪለት፣ ማብሪያው ከወረደ በኋላም 10 ደቂቃ የነበረውን ቆይታ 20 አድርጊው።